በሰው ፈንታ የሚመታ ምስል

የሰውን ምስል ሠርቶ በሰው ፈንታ ማቆም ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በቆሎው ማሸት በጀመረ ጊዜ ሁለት እንጨት አመሳቅሎ፥ አሮጌ እጀ ጠባብ አልብሶ፥ በላዩም የተቀደደ ባርኔጣ ደፍቶ በማሳው መካከል ያቆመዋል። ይህ ማስፈራርቾ ዝናሙንና ፀሓዩን ታግሦ ስለ ጌታው ይቆማል፤ ጌታውም በዚያ ጊዜ ከጥላ ሥር ያርፋል፥ ወይም ገበያ ውሎ ይመለሳል። ወፉና ጦጣው ሰው መስሏቸው ይሸሻሉ። ከዚህ የበለጠ ሥራ ግን ማንም ከእርሱ አይጠይቅም።

ባለፈው መቶ ዓመት እኩሌታ በአሜሪካና በአውሮጳ አገር ሌላ ዐይነት ምስል ተሠራ፤ የዚህኛው ሥራው መመታት ነው። ፈረንጆች ዳሚ ይሉታል፤ በአማርኛ ምስለ ሰው ቢባል ይስማማዋል። ልብስ ለብሶ፥ ጫማ ተጫምቶ፥ እንደ መንገደኛ በአውቶሞቢል ውስጥ ይቀመጣል፤ አውቶሞቢሉም ሆን ተብሎ ከግንብ ጋር ይላተማል። ከዚያ በኋላ ጠበብቱ መጥተው ራሱ ምን ያህል እንደ ተመታ፥ ደረቱ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደ ገባ፥ ጭኑ ምን ያህል ሸክም እንደ ቻለ ይጠይቁታል፤ እርሱም በውስጡ በተቀበሩት መለኪያዎች አማካይነት ይመልስላቸዋል። ቀደምት ከሚባሉት አንዱ፥ ሲዬራ ሳም የተባለው፥ በ1949 ዓ.ም. ለአሜሪካ አየር ኃይል ተሠራ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው)፤ ተግባሩም ከአውሮፕላን ተፈናጥሮ የሚወጣውን የአብራሪ ወንበር መፈተን ነበር። በ1976 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአውቶሞቢል ኩባንያ ሦስተኛውን ሃይብሪድ አወጣ። ሃይብሪድ ማለት ድቅል ማለት ነውና፥ በቅሎ የሚያውቅ የጎጃም ሰው ስሙ እንግዳ አይሆንበትም። የዚህ ድቅል የራስ ቅሉ አሉሚኒየም፥ ቆዳው እንደ ላስቲክ ያለ ነገር፥ አንገቱ ጎማና ብረት ተደራርቦ የተሠራ፥ የጎድን አጥንቱም ስድስት የብረት ቅስት ነው። ቁመቱ 175 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱም 78 ኪሎ ያህል ነው። አንባቢ ይህን ቁመትና ይህን ክብደት ቢያስታውስ መልካም ነው፤ ኋላ ነገር ይነሣበታልና።

ከዚህ ሁሉ ጋር ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ምን ያገናኛቸዋል ቢሉ፥ የሚያገናኛቸው መንገዱ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አስፋልት ለብዙ አገር መተላለፊያ ነው፤ ቡሬ ላይ ደግሞ አንዱ ቅርንጫፍ ተለይቶ፥ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። በገበያ ቀን በዚሁ መንገድ ዳር በርበሬ የተጫኑ አህዮች፥ የሚነዱ በጎችና በሬዎች፥ ጥላ ዘርግቶ በበቅሎ የተቀመጠ ቄስ፥ ማገዶ የተሸከመች ሴት፥ ልጇን በአንቀልባ ያዘለች እናት ይሄዳሉ። በመካከላቸው ባጃጅ ይሽሎከለካል፤ ዶልፊን የሚሏት የሕዝብ መኪና ትከንፋለች፤ አይሱዙውም በእህል ጆንያ ላይ ሰው ጭኖ ያልፋል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ስሙ ግን የከተማይቱ እንጂ የአስፋልቱ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፥ ከእነዚህም ከመቶው 92 በድኆችና በመካከለኛ አገሮች እንደሚሞቱ፥ እነዚህ አገሮች ግን ከዓለም መኪና ከመቶው 60 ያህሉን ብቻ እንደያዙ ይናገራል። ከሚሞቱትም ከእኩሌታ የሚበልጡት እግረኞች፥ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ ይኸው ድርጅት ለ2016 ዓ.ም. የገመተው ከመቶ ሺህ ሰው 27 ያህል ነበር፤ በስዊድን በዚያው ዘመን 3 እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ይህ ነው። ሰው የሚሰበርበትን ልክ ለማወቅ የሰውን ምስል መምታት፥ ምስሉንም እውነተኛ ለማድረግ የሰውን ሬሳ መምታት ይገባልን? ከተገባስ፥ በዚህ መንገድ የተገኘው ዕውቀት የማን ገንዘብ ነው?

ስብራትን የሚያውቅ ሰው በጎጃም ጠፍቶ አያውቅም። ወጌሻው ክንዱን በጣቱ ዳብሶ አጥንቱ የተሰነጠቀ ወይም የወለቀ እንደ ሆነ ይለያል፤ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ፥ በጨርቅ ጠምጥሞ ይጠግናል። ብዙዎችም በእጁ ድነው ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። የወጌሻው ዕውቀት ግን የሚጀምረው አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ ነው። አዲሶቹ ጠበብት የሚጠይቁት ከዚያ ቀድሞ ያለውን ነው፤ ይኸውም አጥንቱ ሳይሰበር ስንት ሊሸከም ይችል ነበር፥ ስንትስ ሲደርስበት ሰጠ የሚለውን ነው።

ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ በር ከከፈቱት አንዱ ሂዩ ደሃቨን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1917 ዓ.ም. በጎልማስነቱ አውሮፕላን መንዳት ሲማር ሁለት አውሮፕላን በአየር ላይ ተጋጭተው ወደቁ። እርሱ ተረፈ፤ ሆድ ዕቃው ግን ክፉኛ ተጎዳ። በሐኪም ቤት ተኝቶ ነገሩን ሲያሰላስል፥ የጎዳው መውደቁ ብቻ ሳይሆን የወገብ መታጠቂያው ሹል ዘለበት መሆኑን አስተዋለ። ኋላም ከከፍታ ወድቀው የተረፉትን ሰዎች ነገር ሰበሰበ፤ በ1942 ዓ.ም. ከ15 እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው በሕይወት ስለ ተገኙ ሰዎች ጻፈ። ከዚያም የተገኘው ትምህርት ለገበሬ ልጅ የሚሰማ ነው። ከአንድ ዛፍ ሁለት ሰው ቢወድቅ፥ አንዱም በታረሰ መሬት፥ ሁለተኛው በድንጋይ ላይ ቢያርፍ፥ የወደቁበት ፍጥነት አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ይነሣል፥ ሌላው ይሞታል። ምነው ቢሉ፥ የታረሰው አፈር እየሰመጠ ጥቂት በጥቂት ያቆመዋል፤ ድንጋዩ ግን በአንድ ጊዜ ያቆመዋል። ሰውን የሚሰብረው ድንገት መቆሙ ነው።

ይህን በቍጥር መናገር ይቻላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከግንብ ጋር ቢላተም ከሦስት ሜትር ተኩል እንደ ወደቀ ያህል ነው፤ ይህ የጎጆ ጣሪያ ከፍታ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ቢላተም ከ14 ሜትር እንደ ወደቀ ነው፤ ይህም የትልቅ ዋርካ ጫፍ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ከፍታው አራት እጥፍ ይሆናልና። በ80 ሲሆንማ 25 ሜትር ይሞላል፤ ይህ ገደል ነው። ዳግመኛም በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሰው በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም የራሱን ክብደት 140 ጊዜ ያህል ይሸከማል፤ በ60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 24 ጊዜ ያህል ብቻ ይሆናል። ኒልስ ቦሊን የተባለው ስዊድናዊ በ1959 ዓ.ም. ለቮልቮ ኩባንያ የሠራው፥ በትከሻና በወገብ የሚያልፈው መታጠቂያ ሥራው ይኸው ነው፤ ሰውን በዝግታ ያቆመዋል፥ ሸክሙንም በጠንካራው አጥንት ላይ ያካፍላል። ኩባንያውም ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ እንዲሠሩበት ፈቀደ፤ ንግድ እንዲህ ያለ ልግስና ዘወትር አያሳይም።

ነገር ግን 24 ጊዜ ክብደትን ሰው ይችለዋል ወይስ አይችለውም? ይህን ማን ያውቃል? ሊያውቅ የሚችለው የተሸከመው ሰው ብቻ ነው። ጆን ፖል ስታፕ የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል መኰንንና ሐኪም ነበር። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሐዲድ ላይ በሮኬት በሚገፋ ወንበር ራሱን እያሰረ መፈተን ጀመረ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ በረሓ በሰዓት 1017 ኪሎ ሜትር ሄዶ፥ ከአንድ ሰኮንድ ተኩል በሚያንስ ጊዜ ቆመ፤ በዚያችም ቅጽበት የራሱን ክብደት 46 ጊዜ ተሸከመ። በዐይኑ ውስጥ ያለው የደም ሥር ፈነዳ፤ ለጥቂት ጊዜም ማየት ተሳነው፤ ኋላ ግን ብርሃኑ ተመለሰለት። 89 ዓመት ኖሮ በ1999 ዓ.ም. ዐረፈ። በዲትሮይት ከተማም በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላውረንስ ፓትሪክ የተባለ መምህር 400 ጊዜ ያህል በእንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ተመታ ይነገራል።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለክርክር አይመችም። ሌላውን ከመፈተን ይልቅ ራሱን የፈተነ ሰው በፍርድ አደባባይ የሚከሰው የለም። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚገኘው ዕውቀት ጐደሎ ነው። ሕያው ሰው እስከ ሕመሙ ድረስ ይናገራል፤ ከሕመም አልፎ እስከ ስብራትና እስከ ሞት ያለውን ግን ሊናገር አይችልም፤ ማንም እንዲናገር ሊጠይቀው አይገባም። ያን የሚናገረው ሬሳ ነው።

በዚያው በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ጉርድጂያን የሚባል የራስ ቅል ሐኪምና ሊስነር የሚባል መሐንዲስ ተባብረው፥ የሰው ራስ ቅል በምን ያህል ምት እንደሚሰነጠቅ መረመሩ። በሬሳ ራስ ላይ የብረት ኳስ ይጥሉ ነበር፤ ሬሳንም በአሳንሰር ጕድጓድ ውስጥ ወደ ታች ለቀውታል። ይህን የሚያነብ ካህን ሊዘገንነው ይችላል፤ መዘግነኑም ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሬሳ ይታጠባል፥ ይገነዛል፥ ይፈታል፥ በቶሎም ወደ መቃብር ይወርዳል፤ ሳይቀበር ማደሩ እንኳ ያሳዝናል። አንጥረኛ እንደሚመታው ብረት ሊመታ የሚገባው ነገር ሆኖ ማንም አስቦት አያውቅም።

በሌላ ወገን ደግሞ ያለው ሒሳብ ከባድ ነው። የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር አልበርት ኪንግ በ1995 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ በሬሳ ላይ የተደረገው ምርመራ ባስገኘው የአውቶሞቢል ማሻሻያ ምክንያት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ 8500 ያህል ነፍስ እንደ ዳነ ገምቷል። ግምት ነው፤ ግምት ሊሳሳት ይችላል፤ ነገር ግን ከአሥር እጅ ዘጠኙ እንኳ ቢቀነስ የሚተርፈው ሰው ነው።

ክርክሩ ጐልቶ የወጣው በጀርመን አገር ነው። በ1993 ዓ.ም. በሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ በአውቶሞቢል ግጭት ምርመራ የአዋቂ ብቻ ሳይሆን የሕፃናትም ሬሳ እንደ ተሠራበት ታወቀ። ሕዝቡ ተቈጣ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ተቃወሙ። መርማሪዎቹ የወላጆችን ፈቃድ ተቀብለናል፥ የምንመረምረውም ሕያዋን ሕፃናትን የሚጠብቀውን መታጠቂያ ለማሳመር ነው አሉ። ይህ በሬሳ ሳይሆን በምስል ይደረግ የሚሉም ነበሩ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጥያቄውን ወደ ኋላ ይገፋዋል እንጂ አይመልሰውም። ምስሉ ራሱ የት ተማረ? የአሉሚኒየም ራስ ምን ያህል ምት ሕፃንን እንደሚገድል ከራሱ አያውቅም። እንዲያውም የሕፃናት ሬሳ እምብዛም ስለማይገኝ የሕፃን ምስል የተሠራው በአመዛኙ የአዋቂውን ልክ በመቀነስ ነው፤ ሕፃን ግን ያነሰ አዋቂ አይደለም። ራሱ ለገላው ይከብዳል፥ አንገቱ ለራሱ ይቀጥናል፥ አጥንቱም ከመሰበር ይልቅ ይጐብጣል፤ ይህን ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ ታውቃለች።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? በሬሳ ላይ የሚደርሰው ውርደት የሚመዘነው በምቱ አይደለም ማለት ይቻላል፤ መቃብርም ሥጋን ይበላልና፤ የሚመዘነው ሰውየው በሕይወቱ ሳለ በመጠየቁና ባለመጠየቁ ነው። ሰውነቱን ለሌላ ሰው ሕይወት ይሁን ብሎ ተናዞ የሞተ ሰው የሰጠው ስጦታ ነው፤ እንደ ስታፕ ያለ ሰው ነው፥ ልዩነቱ ከሞት በኋላ መስጠቱ ብቻ ነው። ዘመድ የሌለው፥ የሚቀብረው ያጣ፥ በሐኪም ቤት ደጃፍ የሞተ ድኃ ግን ምን ሰጠ? አልሰጠም፤ ተወሰደበት እንጂ። በብዙ አገር ለምርመራና ለትምህርት የሚውለው ሬሳ ለረዥም ዘመን ከእንዲህ ያለው ወገን የሚመጣ ነበር። በሕይወቱ አውቶሞቢል ያልነበረው ሰው ከሞተ በኋላ የአውቶሞቢል ባለቤቶችን ጠባቂ ሆነ። ይህን ያህል ዕዳ ያለበት ዕውቀት በዓለም ብዙ አይገኝም።

በዋሸራ ወይም በጎንጅ ጉባኤ ቅኔ የቈጠረ ሰው ሰምና ወርቅን ያውቃል፤ ነገሩ ግን ከባለቅኔው በፊት የአንጥረኛው ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ ጌጡን በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፤ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ ይጠፋል፥ ወርቁ ይቆማል፤ ነገር ግን ወርቁ የቆመው በሰሙ መልክ ነው። ምስለ ሰውም እንዲሁ ነው። እርሱ ይሰባበራል፥ ሕያው ሰው ይተርፋል፤ የተረፈውም በምስሉ ልክ በተሠራ ወንበር፥ በምስሉ ልክ በተሠራ መታጠቂያ ነው። ሰሙ የተጣመመ እንደ ሆነ ግን ወርቁም ይጣመማል።

ቀደም ብሎ የተነገረው ቁመትና ክብደት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። 175 ሳንቲ ሜትርና 78 ኪሎ የማን ልክ ነው? በዚያ ዘመን የነበረው የመካከለኛው አሜሪካዊ ወንድ ልክ ነው። ለሴት የተሠራው ምስል 150 ሳንቲ ሜትርና 49 ኪሎ ያህል ሆኖ የትንሿን ሴት ልክ ያሳያል፤ እርሱም የወንዱን ምስል በማሳነስ የተሠራ ነው። በአሜሪካ ደንብ የወንዱ ምስል በአንድ የጭን አጥንቱ እስከ 10 ኩንታል የሚደርስ ክብደት እንዲጫንበት ይፈቀዳል፤ ለትንሿ ሴት ምስል ግን 7 ኩንታል ያህል ነው። እንግዲህ በወንዱ ብቻ የተፈተነ ወንበር ለሴቲቱ ምን ይመሰክርላታል? በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ምርመራ መታጠቂያ የታጠቀች ሴት ነጂ እንደ እርሷ ከታጠቀ ወንድ ይልቅ ክፉኛ የመጎዳት ዕድሏ ከመቶው 47 እንደሚበልጥ አሳይቷል። በመካከለኛ ሴት ልክ፥ በ162 ሳንቲ ሜትርና በ62 ኪሎ፥ ከኋላ የሚመጣውን ግጭት ለመመርመር የተሠራው ምስል ለሕዝብ የታየው በ2022 ዓ.ም. በስዊድን ነው፤ ያሠራችውም አስትሪድ ሊንደር የተባለች ሊቅ ናት። ከሲዬራ ሳም እስከዚህ 73 ዓመት መሆኑ ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን በመኪና ውስጥ የተቀመጡ ናቸው። ከመኪናው ውጭ ስላለው ሰው ጥቂት ተሠርቷል። በአውሮጳ መኪና ሲፈተን እግረኛው በሙሉ አካሉ አይቆምም፤ እግር የሚመስል መሣሪያ ብቻውን፥ ራስ የሚመስል መሣሪያ ብቻውን እየተወረወረ ከመኪናው ፊት ጋር ይላተማል። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ በ1998 ዓ.ም. ሙሉ እግረኛ የሚመስል ምስል ሠርቷል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን በቡሬ መንገድ ዳር ሃያ ኪሎ ማገዶ ተሸክማ ጐንበስ ብላ የምትሄደው ሴት በምታቀርበው ገላ ልክ የተሠራ ምስል የለም፤ ራሷ ከሌላው እግረኛ ራስ ዝቅ ብሎ፥ ወደ መኪናው ግንባር ቀርቦ ይገኛልና። በአንቀልባ የታዘለውን ሕፃን፥ በጆንያ ላይ የተቀመጠውን ወዛደር ማን በምስል ሠራው? ባጃጅም ተሠርታ የምትመጣው ከሕንድ ነው። በዚያው በሕንድ አገር፥ በዴልሂ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት፥ በ2021 ዓ.ም. ያረፈው ዲኔሽ ሞሃን የተባለ ሊቅ፥ የባለ ሦስት እግሯን ጉዳት ከባልንጀሮቹ ጋር መርምሯል፤ እግረኛው፥ እንስሳው፥ ጋሪውና መኪናው ተቀላቅሎ የሚሄድበት አገር የሀብታሙን አገር ደንብ እንዳለ ተቀብሎ ሊድን እንደማይችል ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። ስሙ በኢትዮጵያ ከዚህ የበለጠ ሊታወቅ ይገባው ነበር።

እንዲህ ከሆነ በልካቸው ምስል ያልተሠራላቸው ሰዎች በምስሉ ዕውቀት አይጠቀሙም ማለት ነውን? አይደለም። ከዕውቀቱ የሚበዛው ለሁሉ የሚሆን ነው። የማቆሚያው ርቀት ሲበዛ ሸክሙ መቀነሱ፥ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ መሆኑ ለነጭም ለጥቁርም፥ ለተቀመጠም ለቆመም አንድ ነው። መካከለኛው ፍጥነት ከመቶ አንድ እጅ ቢጨምር የሚገድለው ግጭት ከመቶ አራት እጅ እንደሚጨምር የዓለም የጤና ድርጅት ያስተምራል። ይህን ለማወቅ ቡሬ ላይ ሌላ ሬሳ መምታት አያስፈልግም፤ ተመትቶ አልቋልና።

የከበደው ነገር የመጣው ግን ከዚህ ነው። በኦሪት ስለ ወጊ በሬ የተሠራ ፍርድ አለ። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይገደላል፤ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው አስቀድሞ ወጊ መሆኑ ታውቆ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ባለቤቱ ራሱ በደሙ ይጠየቃል። በሁለቱ መካከል በበሬው ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የባለቤቱ ዕውቀት ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ፍርድ በመጽሐፍ ሳያነበው በሥራ ያውቀዋል፤ ወጊ በሬ ያለው ሰው የቀንዱን ጫፍ ያስቈርጣል፥ ወይም ለእረኛ ሳይሰጥ ራሱ ይጠብቀዋል።

ስታፕ በዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ሾፌሩም ባለመኪናውም አላወቅንም ለማለት ይችሉ ነበር። ዛሬ በሬው ወጊ መሆኑ ታውቋል። ሾፌሩ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ባየ ጊዜ መታጠቂያውን ስቦ በትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ዘለበቱን ግን አይቈልፈውም፤ ፖሊሱን ካለፈ በኋላም ይለቀዋል። ሰው በዐይኑ ደም የገዛውን ነገር እርሱ እንደ መንገድ ቀረጥ ይቈጥረዋል። ባለንብረቱም በቀን ስንት ጊዜ ደርሰህ ተመለስህ ብሎ ይጠይቃል እንጂ በስንት ፍጥነት ብሎ አይጠይቅም። እነዚህ ሁለቱ የበሬው ባለቤቶች ናቸው። በጆንያው ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባም። እርሱም አደጋውን ያውቃል፤ ነገር ግን ሳይመሽ ቤቱ ሊደርስ ይፈልጋል፥ ሌላ መኪናም የለውም፥ ወይም ዋጋው አይደርስለትም። ማወቅ ኀጢአት የሚሆነው ሌላ ማድረግ ሲቻል ነው። ስለዚህ መንገደኛውን እያዩ አላዋቂ እያሉ መስደብ በከተማ የተለመደ ቢሆንም ፍርድ አይባልም።

ፍኖተ ሰላም ላይ የብረት ሐዲድ ዘርግቶ፥ ምስል ገዝቶ፥ መኪና ሰብሮ መመርመር ዛሬ የሚቻል አይመስልም፤ ገንዘቡም ብዙ ነው። ነገር ግን የዚህ ጥበብ መነሻ ሐዲዱም ምስሉም አልነበረም። ደሃቨን ከወደቁት ሰዎች በኋላ ወደ አውቶሞቢል ተመልሶ፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኢንዲያና ግዛት ካሉ ፖሊሶች ጋር ሲሠራ ያደረገው፥ የተጎዳው ሰው በየትኛው ወንበር ተቀምጦ እንደ ነበረ፥ ምን እንደ መታው፥ የትኛው አካሉ እንደ ተጎዳ ለይቶ ማስጻፍ ነበር። ከዚያ በፊት የሚጻፈው የአደጋው ምክንያትና የሞቱት ቍጥር ነበር፤ የመሪው ዘንግ ደረትን እንደሚወጋ፥ በሩ ተከፍቶ ሰው እንደሚጥል በግልጽ የታየው ይህ መጻፍ ከጀመረ በኋላ ነው።

በቡሬ መንገድም እንዲህ ያለ መዝገብ ሊጻፍ ይችላል። መኪና ገጨው ተብሎ በሚቀርበት ስፍራ ጥቂት ቃል ይጨመራል፤ ይሄድ ነበር ወይስ ቆሞ ነበር፤ ተሸክሞ ከሆነ ምን፥ በትከሻው ወይስ በጀርባው፤ ከፊት ተመታ ወይስ ከኋላ፤ መኪናው አይሱዙ ነበር ወይስ ባጃጅ፤ በመኪና ላይ የነበረ እንደ ሆነ በወንበር ወይስ በጭነት ላይ፤ መጀመሪያ የተሰበረው የትኛው አጥንት ነው። ይህን ፖሊሱ ከመንገድ፥ ነርሷ ከአልጋው ዳር፥ ወጌሻውም ከደጃፉ ሊናገሩ ይችላሉ፤ የወጌሻውን ቃል የሚጽፍለት ሰው ካገኘ፥ በየደብሩ መጻፍ የሚችል ደብተራ አይጠፋም። ከብዙ መዝገብ በኋላ ማገዶ የተሸከመችው ሴት በስንት ስፍራ፥ በምን ከፍታ እንደምትመታ ይታወቃል፤ በልኳ ምስል የሚሠራ ጠቢብ ቢነሣም የሚጀምርበት ቍጥር ያገኛል። የደሃቨን ፖሊሶች በኢንዲያና መንገድ ዳር ወረቀት ሲሞሉ ሦስተኛው ድቅል ሊሠራ ገና ከሃያ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።